ራዲካሎች ሲገነቡ፦ በወርቅ ገጽ ላይ የካርቦን ሪባን እንዴት ይሠራል?

በሐምሌ 2010 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱን በጋራ ያካሄዱት ኤምፓ የሚባለው የስዊዘርላንድ የቁሳቁስ ምርምር ተቋም እና በጀርመን ማይንዝ ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የፖሊመር ምርምር ተቋም ሲሆኑ፣ ሥራውን የመሩት ሮማን ፋሰል እና ክላውስ ሙለን ነበሩ። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ብሮሚን የያዙ ትንንሽ የካርቦን ሞለኪውሎችን በንጹሕ ወርቅ ላይ አሳረፉ። ወርቁን እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሞቁት፤ ቀጥሎም እስከ 400 ዲግሪ። በመጨረሻ ወርቁ ላይ ስፋታቸው 7 የካርቦን አቶም ብቻ የሆነ፣ ጠርዛቸው በአቶም ደረጃ ቀጥ ያለ ሪባኖች ተኝተው ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ራሱን የቻለ የኬሚስትሪ ዘርፍ ሆኗል። በዜና ሲቀርብ ግን ብዙውን ጊዜ «ሳይንቲስቶች አቶም በአቶም ቁስ ሠሩ» ይባላል፤ ይህ አነጋገር ደግሞ ዋናውን ነገር ይጋርዳል። አቶሞቹን አንድ በአንድ አንስቶ የደረደራቸው ሰው የለም። የገነቡት ራዲካል የሚባሉት፣ በኬሚስትሪ ዓለም እጅግ ዕረፍት የለሽ የሆኑ ቅንጣቶች ናቸው። እንዲገነቡ ያስቻላቸውም ወርቁ ነው። ከሥራቸው የተዘረጋ ዝም ያለ ጠረጴዛ አልነበረም፤ ወልዷቸዋል፣ ይዟቸዋል፣ አገናኝቷቸዋል።

ራዲካል ምንድን ነው?

አቶሞች እርስ በርስ የሚተሳሰሩት በአብዛኛው ኤሌክትሮኖችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በመጋራት ነው። አንዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ያዋጣል፣ ሌላውም አንድ፤ ጥንዱ በመካከላቸው ሆኖ ያስተሳስራቸዋል። ትስስሩ ሲበጠስ አንደኛው ወገን ሁለቱንም ኤሌክትሮኖች ጠቅልሎ ሊሄድ ይችላል። እኩል ከተካፈሉ ግን እያንዳንዱ ወገን ጥንድ የሌለው አንድ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀራል። እንዲህ ያለ ብቸኛ ኤሌክትሮን የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል ራዲካል ይባላል።

ብቸኛው ኤሌክትሮን ጥንድ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ራዲካል ያገኘውን ነገር ይይዛል፤ ከጎረቤቱ ሃይድሮጂን ይነጥቃል፣ ከኦክስጅን ጋር ይጣበቃል፣ ሌላ ራዲካል ካገኘም ወዲያው ይተሳሰራል። በመዋቢያ ቅባቶችና በጭማቂ ማስታወቂያዎች ላይ «ፍሪ ራዲካል» የሚባለው የቆዳና የእርጅና ጠላት ይኸው ነው። ስሙ የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ ልኩን አልፎ ሲበዛ የሕዋሳትን ቅባትና የዘር ሞለኪውል ሳይቀር ይጎዳል። ነገር ግን ራዲካል አፍራሽ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው። የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፒቪሲም ሆነ የዕቃ ማሸጊያው ፖሊስቲሪን በፋብሪካ የሚመረቱት በራዲካሎች አማካይነት ነው። አንድ ራዲካል ከአንድ ትንሽ ሞለኪውል ጋር ይያያዛል፤ ብቸኛው ኤሌክትሮን ወደ አዲሱ ጫፍ ይሻገራል፤ ጫፉ ሌላ ሞለኪውል ይይዛል፤ ሰንሰለቱም ይረዝማል። በዚህ መንገድ ግን የአንዱ ሰንሰለት ርዝመት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ ቅርንጫፍ የሚያወጣም አይጠፋም። ለቧንቧ ይህ ችግር አይደለም። አንድ አቶም ሲዛነፍ ጠባዩ ለሚለወጥ ቁስ ግን አይበቃም።

የመጀመሪያውን የተረጋጋ የካርቦን ራዲካል በ1900 ያገኙት በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኬሚስት ሞዝስ ጎምበርግ ናቸው። ሊሠሩ ያሰቡት ሌላ ውህድ ነበር፤ ያገኙት ግን ከአየር ኦክስጅንን በጥድፊያ የሚስብ ነገር ሆነ። ካርቦን ሁልጊዜ አራት ትስስር አለው ተብሎ በጥብቅ ይታመን በነበረበት ዘመን ሦስት ትስስር ብቻ ያለው ካርቦን አግኝቻለሁ ብለው ለመጻፍ ደፈሩ። ያ ራዲካል ሊቆይ የቻለው በዙሪያው ሦስት ትልልቅ የካርቦን ቀለበቶች ስለነበሩ ነው። ቀለበቶቹ ሌላውን እንዳይቀርብ ከለከሉት፣ የብቸኛውን ኤሌክትሮን ጉጉትም ተካፍለው አበረዱለት። ከጎምበርግ ሥራ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ራዲካልን የሚያጠፋውም ሆነ የሚያቆየው አካባቢው ነው።

ታዲያ ሥራው ለምን በብልቃጥ ውስጥ አይሠራም?

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ማለትም በካርቦን ላይ የተመሠረቱ ውህዶች ኬሚስትሪ፣ በአብዛኛው የሚካሄደው በፈሳሽ ውስጥ ነው። ሞለኪውሎቹ በሚያሟሟቸው ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይለዋወጣሉ። አጸግባሪ የሆነ፣ ማለትም ከሌላው ጋር ለመተሳሰር የሚቸኩል፣ የካርቦን ራዲካል በዚህ ፈሳሽ መካከል ሲወለድ ግን በቅድሚያ የሚያገኘው ጓደኛውን አይደለም። በሁሉም አቅጣጫ የከበበው ፈሳሹ ነው። ከፈሳሹ አንድ ሃይድሮጂን ነጥቆ ጥንዱን ይሞላል፤ ራዲካልነቱም ጉዞውም በዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው እንቅፋት መጠን ነው። ጠፍጣፋ የካርቦን ሞለኪውሎች እያደጉ ሲሄዱ እርስ በርስ ተደራርበው ይጣበቁና መሟሟት ያቆማሉ። በብልቃጡ ታች ጥቁር ዝቃጭ ሆነው ሲቀመጡ ሊቀጠሉም ሊጠሩም አይችሉም። ኬሚስቶች ይህን ለመከላከል በሞለኪውሉ ዙሪያ ረጃጅም የካርቦን ጭራዎች ይቀጥላሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ክላውስ ሙለን ራሳቸው በዚህ መንገድ ብዙ ታላላቅ ሞለኪውሎችን ሠርተዋል። ጭራዎቹ ግን በተጠናቀቀው ቁስ ውስጥ ይቀራሉ። በብረታ ብረት ገጽ ላይ ፈሳሽ ስለሌለ የሚሟሟ ነገር አያስፈልግም፤ ጭራም አያስፈልግም።

ብረታ ብረቱ በትክክል ምን ያደርጋል?

የብረታ ብረት ገጽ ኬሚስትሪን እንደሚያግዝ የታወቀው ከጥንት ነው። ገበሬዎቻችን ማሳቸው ላይ የሚበትኑት ዩሪያ ናይትሮጂኑን የሚያገኘው ከአሞኒያ ሲሆን፣ አሞኒያው የሚሠራው ናይትሮጂንና ሃይድሮጂን በብረት ቅንጣቶች ገጽ ላይ ሲገናኙ ነው። ጌርሃርት ኤርትል እንዲህ ያሉ ሂደቶች በገጹ ላይ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚካሄዱ በማሳየታቸው የ2007 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የፍሪትስ ኡልማን ሥራ ነው። ኡልማን በ1901 አንድ የካርቦን ቀለበት ክሎሪን፣ ብሮሚን ወይም አዮዲን ተያይዞበት ከመዳብ ዱቄት ጋር ሲጋል ሁለት ቀለበቶች ያያያዛቸውን ጥለው እርስ በርስ እንደሚጋጠሙ አሳዩ። አጸግብሮቱ ከመቶ ዓመት በላይ በየቤተ ሙከራው ሲሠራበት ኖሯል። በመዳቡ ቅንጣት ላይ የሚሆነውን ግን በዓይን ያየ አልነበረም። የዛሬው ዘዴ የኡልማን አጸግብሮት ከዱቄት ወጥቶ አቶሞቹ በሥርዓት በተሰለፉበት በንጹሕ የወርቅ፣ የብር ወይም የመዳብ ገጽ ላይ ሲካሄድ ነው።

ገጹ በመጀመሪያ ትስስሩን ይበጥሳል። በካርቦን ቀለበትና በብሮሚን መካከል ያለውን ትስስር ባዶ ቦታ ላይ ለመበጠስ ከ3 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የኃይል መለኪያ ነው) በላይ ኃይል ይጠይቃል፤ ይህ በ200 ዲግሪ ሙቀት የሚገኝ አይደለም። በወርቅ ላይ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ስሌቶች እንደሚያሳዩት፣ የሚያስፈልገው ወደ 1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ በብር ላይ ከዚያም ያንሳል፣ በመዳብ ላይ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ምክንያቱ ሞለኪውሉ ትስስሩን ገና እያላላ ሳለ ካርቦኑም ብሮሚኑም ከሥራቸው ያለውን የወርቅ አቶም መያዝ መጀመራቸው ነው። ከአንዱ ሳይለቁ ሌላውን ስለሚጨብጡ የሚከፈለው ዋጋ ይቀንሳል። አዮዲን ከብሮሚን ቀሎ ይላቀቃል፣ ክሎሪን ደግሞ ይከብዳል። ኬሚስቶች ብዙ ጊዜ ብሮሚንን የሚመርጡት ሞለኪውሉ ሲተን ሳይላቀቅ ቆይቶ ወርቁ ላይ በመጠነኛ ሙቀት ስለሚለቅ ነው።

ቀጥሎ ገጹ የተወለደውን ራዲካል ይይዛል። ብቸኛው ኤሌክትሮን በወርቁ ውስጥ ከሚመላለሱት ኤሌክትሮኖች ጋር በከፊል ይጣመራል፤ ጉጉቱም ይበርዳል። በጥብቅ ከተናገርን እንግዲህ በወርቅ ላይ ያለው ራዲካል ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም፤ በገጹ የተደገፈ ራዲካል ነው። በመዳብና በብር ላይ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ አንድ እርምጃ ይገፋል፦ አንድ የመዳብ ወይም የብር አቶም በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ይገባና ድልድይ ይሆናል። ካርቦን ከካርቦን ጋር በቀጥታ የሚገጥመው ሙቀቱ ጨምሮ ድልድዩ ሲወጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ስሜቴን የሚስበው ግን ሦስተኛው ነገር ነው፦ ገጹ መንገድ ይሆናል። ራዲካሎቹ ወርቁ ላይ ተጣብቀው ቢቀሩ ፈጽሞ አይገናኙም ነበር፤ ፈጽሞ ባይያዙ ደግሞ ተነው ይጠፉ ነበር። ተይዘውም ይንሸራተታሉ። በ2010 በኤምፓ የተሠራ ሌላ ጥናት ይህን ግልጽ አድርጎታል። ተመሳሳይ ቀለበታማ ሞለኪውሎችን በመዳብ፣ በወርቅና በብር ላይ አኑረው አሞቋቸው። በመዳብ ላይ ራዲካሎቹ በጥብቅ ስለሚያዙና ብዙም ስለማይንቀሳቀሱ፣ ሲገናኙ ደግሞ በመጀመሪያው ንክኪ ስለሚጋጠሙ፣ የተገኘው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ ቅርጽ ነበር። በብር ላይ ግን ራዲካሎቹ ከመጋጠማቸው በፊት ብዙ ስለሚዘዋወሩ ተስማሚ ቦታ ያገኛሉ፤ ውጤቱም ቀዳዳዎቹ የተደረደሩ፣ ጠጋ ጠጋ ያለ መረብ ሆነ። ሞለኪውሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ገጹ ብቻ ነው። የመያዝና የመልቀቅ ልኩ ትንሽ ሲቀየር ከአንድ ዓይነት ጡብ ሌላ ሕንጻ ይወጣል።

ቅርጹን የሚወስነው ማን ነው?

ቅርጹ የሚወሰነው ከሁሉ በፊት፣ ሞለኪውሉ ወርቁን ሳይነካ ነው። በ2007 የበርሊን ተመራማሪዎቹ ሌዎንሃርድ ግሪል እና ሽቴፋን ሄክት ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በሚያምር ቀላልነት አሳዩ። ፖርፊሪን የሚባለውን አራት ክንድ ያለው ሞለኪውል ወስደው በተለያየ ቁጥር ብሮሚን አሰሩበት። በአንድ ክንዱ ብቻ ብሮሚን የያዘው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተጋጠመና ቆመ። በሁለት ተቃራኒ ክንዶቹ የያዘው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ሠራ። በአራቱም የያዘው መረብ ዘረጋ። ብሮሚኑ የነበረበት ቦታ ትስስሩ የሚፈጠርበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ኬሚስቱ ብሮሚኑን ሲያስቀምጥ የወደፊቱን ቅርጽ እያዘዘ ነው።

የ2010ሩ ሪባን በዚሁ መርህ ተሠራ። መነሻው ሞለኪውል ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል በተርታ የተጣበቁ ሦስት የካርቦን ቀለበቶች ነው። ክፍሎቹ በመካከላቸው በአንድ ትስስር ይያያዛሉ፣ በሁለቱ ውጫዊ ጫፎች ደግሞ አንዳንድ ብሮሚን አለ። ሃይድሮጂኖቻቸው ስለሚገፋፉ ክፍሎቹ ጠፍጣፋ ሆነው መተኛት አይችሉም፤ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣሞ ይቆማል። ወርቁ 200 ዲግሪ ሲደርስ ብሮሚኖቹ ይላቀቃሉ። ሞለኪውሉ በሁለት ጫፉ ራዲካል ሆኖ ይንሸራተታል፣ ከመሰሉ ጋር ይጋጠማል፣ ያም ከሌላ ጋር ይቀጥላል። የተፈጠረው ሰንሰለት ገና ጠፍጣፋ አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚያብጥ ተከታታይ ጉብታ ይመስላል።

ወርቁ 400 ዲግሪ ሲደርስ በጎረቤታሞቹ ቀለበቶች መካከል የነበሩት ሃይድሮጂኖች ይወጣሉ፤ ክፍት የቀሩት ካርቦኖች ጎን ለጎን ይተሳሰራሉ፤ የተጣመመው ሰንሰለት ተዘርግቶ ወርቁ ላይ ይተኛል። ብሮሚኑም በበኩሉ ከተላቀቀው ሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ ከገጹ ይተናል። ሪባኑ 0.74 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አለው (አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። በሁለተኛው ደረጃ የሚወጣው ሃይድሮጂን ገና ያልተጋጠመ የራዲካል ጫፍ ካገኘ ይይዘዋል። ጫፉ ተዘጋ ማለት ነው፤ ሪባኑም ከዚያ አይረዝምም። የአብዛኞቹ ሪባኖች ርዝመት በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ብቻ የሚለካበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሙቀቱንና ሞለኪውሉን ሳይቀይሩ ወርቁን በመዳብ ቢተኩትስ? ይኸው ሞለኪውል በመዳብ ላይ ጠርዙ ሌላ የሆነ፣ የተለየ ሪባን ይሰጣል። መዳብ ብሮሚኑ ከነበረበት ቦታ ውጭ ያሉ ትስስሮችንም ስለሚነካካ ክፍሎቹ በሌላ አቅጣጫ ይጋጠማሉ።

ትልቅ የካርቦን ንጣፍ ለምን አይቆረጥም?

ሪባኑ ጠባብ ቁራጩን የሚመስልለት ትልቁ ቁስ ግራፊን ይባላል፤ ውፍረቱ አንድ አቶም የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው። በ2004 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተለይቶ የተጠና ሲሆን፣ አንድሬ ጋይም እና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በዚህ ሥራቸው የ2010 የፊዚክስ ኖቤልን ወስደዋል። ግራፊን ኤሌክትሪክን እጅግ በሚያስደንቅ ሁኔታ ያስተላልፋል። ችግሩም ማስተላለፉን አለማቆሙ ነው። የኮምፒውተር ትራንዚስተር ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ የማይጠፋ ማብሪያ ደግሞ ለስሌት አይረባም። ሲሊከን የሚጠፋው ኤሌክትሮኖቹ ሊዘሉት የሚገባ የ1.1 ኤሌክትሮን ቮልት የኃይል ክፍተት ስላለው ነው። ግራፊን ይህ ክፍተት የለውም።

ግራፊኑ ወደ ቀጭን ሪባን ሲጠብ ግን ክፍተቱ ይመጣል፣ ልኩንም ስፋቱ ይወስነዋል። ሲጠብ ሁልጊዜ ይጨምራል ማለት አይደለም። 7 አቶም ስፋት ያለው ሪባን ሰፊ ክፍተት አለው፤ 9 አቶም ያለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ 5 አቶም ያለው ደግሞ ከሁለቱም ቢጠብም ክፍተቱ በጣም ትንሽ ነው። በአንድ ወይም በሁለት አቶም የቁሱ ጠባይ ከሥር ይገለበጣል። የአንድ አቶም ስሕተት የማይፈቀድበት ምክንያት ይህ ነው።

ከትልቅ ሸማ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ቁራጭ ዳሩ ይተረተራል፤ ከመጀመሪያው ጠቦ የተሸመነ ጥለት ግን የራሱ ጠርዝ ስላለው አይተረተርም። በግራፊንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ንጣፉን በኤሌክትሮን ጨረር ወይም በኬሚካል ሲቆርጡት ጠርዙ በአቶም ደረጃ የተቦጫጨቀ ይሆናል፤ ስፋቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከራዲካሎች የተሠራው ሪባን ስፋቱን ከመነሻው ሞለኪውል ይወርሳል።

ይህ ሁሉ ለምን አየር በሌለበት ቦታ ይካሄዳል?

ከላይ ስለ ራዲካልና ኦክስጅን የተባለውን ያስታወሰ አንባቢ መልሱን አያጣውም። ነገር ግን ችግሩ ኦክስጅን ብቻ አይደለም። ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት በቢሊዮን እጥፍ ቢቀነስ እንኳ፣ የቀሩት የጋዝ ሞለኪውሎች ንጹሕ ገጽን በሰከንዶች ውስጥ ሊሸፍኑት ይችላሉ። በዚህም የተነሳ ሥራው የሚሠራው ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ባነሰ ግፊት፣ በአይዝጌ ብረት ክፍል ውስጥ ነው። ወርቁ በአርጎን አዮኖች ይደበደብና ቆሻሻው ይነሣል፣ ከዚያም አቶሞቹ በሥርዓት እንዲሰለፉ ይጋላል፤ ይህም ይደጋገማል። ሞለኪውሎቹ በትንሽ ምድጃ ተነው ወርቁ ላይ ያርፋሉ። በብልቃጥ አጸግብሮት የለመደ ኬሚስት በዚህ ክፍል ውስጥ ማንኪያና ማጣሪያ አያገኝም፤ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያና ትዕግሥት ነው።

መሠራቱ በምን ይታወቃል?

በ1981 በዙሪክ አቅራቢያ በአይቢኤም ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግ እና ሃይንሪሽ ሮረር ጫፉ አንድ አቶም ድረስ የሾለ መርፌ ወደ ገጽ የሚያስጠጋ ማይክሮስኮፕ ሠሩ፤ በ1986 የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈሉበት። መርፌው ገጹን አይነካም። ኤሌክትሮኖች በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሾልከው ያልፋሉ፤ ክፍተቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲሰፋ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። መርፌው ገጹን እየዳሰሰ ሲሄድ ይህ ፍሰት የአቶሞችን ካርታ ይስላል።

ይህ መሣሪያ አጸግብሮትን ራሱን ሊያካሂድም ይችላል። በ2000 የበርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ20 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ) ቅዝቃዜ በመዳብ ላይ የኡልማንን አጸግብሮት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመርፌ ጫፍ አከናወኑት። በኤሌክትሮን ምት አዮዲኑን ከሁለት ቀለበቶች አላቀቁ፣ ቀለበቶቹን ገፍተው አቀራረቡ፣ አጋጠሟቸው። አንድ ነጠላ ሞለኪውል ነው የተሠራው፤ ለማምረቻነት አይሆንም። ነገር ግን ኡልማን በመዳብ ዱቄት ውስጥ ሲሆን ያላዩት ነገር ሲሆን ታየ።

በ2009 የአይቢኤም ተመራማሪዎች በሌላ ዓይነት ማይክሮስኮፕ መርፌ ጫፍ ላይ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል አንጠልጥለው በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ያሉትን የካርቦን ቀለበቶች አምስቱንም ለይተው አሳዩ። በምስሉ ላይ የሚታየው የቀለበቶች አጥንት በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ከሚሳለው ጋር አንድ ነው። ኬሚስቶች መቶ ዓመት በላይ በግምትና በማስረጃ የሳሉት መዋቅር እንዲህ ሲገለጥ ማየት፣ እኔ እንደማምነው፣ የዘመናችን ሳይንስ ከሰጠን ታላላቅ ደስታዎች አንዱ ነው።

ራዲካሉ ሳይጋጠም ቢቀርስ?

እስካሁን ራዲካል መሣሪያ ነበር፤ ሥራውን ሲጨርስ ይጠፋል። ራሱ ራዲካሉ የቁሱ አካል ሆኖ የሚቀርባቸው ሞለኪውሎችም አሉ። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ትሪያንጉሊን ነው፤ 22 ካርቦንና 12 ሃይድሮጂን ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ሞለኪውል። ኤሌክትሮኖቹን በየትኛውም መንገድ ብናጣምራቸው ሁለቱ ያለ ጥንድ ይቀራሉ። ኤሪክ ክላር በ1953 ሊሠሩት ሞክረው አልያዝ አላቸው፤ በብልቃጥ ውስጥ ገና ሳይታይ ከመሰሉ ጋር ተጣብቆ ይጠፋል። በ2017 የአይቢኤም ዙሪክ እና የእንግሊዙ ዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ትርፍ ሃይድሮጂን ያለውን ሞለኪውል በገጽ ላይ አስተኝተው፣ ትርፎቹን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ አነሡ። የቀረው ትሪያንጉሊን ነበር፤ ብቻውን ስለተኛ የሚያጠፋው አላገኘም።

ብቸኛ ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በትሪያንጉሊን ያሉት ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ብረት የሌለበት፣ ከካርቦን ብቻ የተሠራ ማግኔታዊ ሞለኪውል ይሆናል። በ2021 ኤምፓ ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ እነዚህን ሦስት ማዕዘኖች በወርቅ ላይ በሰንሰለት ቀጣጠላቸው። በሰንሰለቱ ጫፎች የታየው ማግኔታዊ ጠባይ የፊዚክስ ሊቃውንት ለአሥርተ ዓመታት በወረቀት ላይ ሲያሰሉት የኖሩት ነበር።

ወደ ስልካችን መቼ ይገባል?

ቅርብ ነው የሚል ሰው ቢያጋጥም አለማመን ይሻላል። ሪባኑን የወለደው ወርቅ ራሱ ሲጠቀሙበት እንቅፋት ይሆናል። ወርቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ፍሰቱ ሪባኑን ትቶ በወርቁ ያልፋል። ስለዚህ ሪባኑ ወደማያስተላልፍ ገጽ መዛወር አለበት። የተለመደው መንገድ ሥራውን በማይካ ድንጋይ ላይ በተነጠፈ ስስ የወርቅ ንጣፍ መጀመር ነው፤ ማይካው በአሲድ ይላቀቃል፣ ንጣፉ በሲሊከን ኦክሳይድ ላይ ይቀመጣል፣ ወርቁም በአዮዳይድ ፈሳሽ ይሟሟል። በዚህ ዓይነት ዝውውር በ2017 የበርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የኤምፓና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች 9 እና 13 አቶም ስፋት ካላቸው ሪባኖች የሚበሩና የሚጠፉ ትራንዚስተሮች ሠርተዋል። ያ እውነተኛ ስኬት ነው። ሆኖም ሪባኖቹ አጫጭር በመሆናቸው ከኤሌክትሪክ መገናኛዎቹ ጋር ማጋጠም ከባድ ነው፤ እንደ ትሪያንጉሊን ጠርዛቸው ላይ ብቸኛ ኤሌክትሮን የሚንቀለቀልባቸው ሪባኖች ደግሞ አየር ሲነካቸው ይበላሻሉ።

ሰፊ መረቦችን በተመለከተ ችግሩ ይብሳል። ሁለት ካርቦኖች አንዴ ከተጋጠሙ በኋላ ትስስሩ ጠንካራ ስለሆነ አይፈታም፤ ራዲካል ተሳስቶ ቢጋጠም የሚታረምበት ዕድል የለም። ሪባን ላይ መሳሳቻው ጥቂት ነው፤ በሁሉም አቅጣጫ በሚዘረጋ መረብ ላይ ግን ስሕተቶች ይከማቹና መረቡ ከጥቂት አሥር ናኖሜትር ሳያልፍ ሥርዓቱ ይፈርሳል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ወርቁን ከመነሻው ለመተው እየሞከሩ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ሥራ ሪባኖችን በቀጥታ በቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። የተገኙት ሪባኖች ከገጹ ጋር ያላቸው ግንኙነት ደካማ ስለሆነ ኤሌክትሮናዊ ጠባያቸው ሳይበረዝ ይቀራል፤ የሚሟሟ ወርቅም የለም። ነገር ግን ኦክሳይዱ ወርቁ የሠራውን ያህል ስለማያግዝ፣ ያ ሥራ ወደ ሞለኪውሉ ራሱ መዛወር ነበረበት። ኬሚስቶቹ ብሮሚንና ፍሎሪንን በተመረጡ ቦታዎች አስቀመጡ፤ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር በቅድሚያ የብሮሚኑ ትስስር ተፈታና ክፍሎቹ ተጋጠሙ፣ ቀጥሎ የፍሎሪኑ ትስስር ተከፈተና ቀለበቶቹ ተዘጉ። እያንዳንዱ ትስስር የሚበጠስበት ሙቀት ሞለኪውሉ ገና በብልቃጥ ውስጥ ሲሠራ ታስቦበት ነበር።